ፍሌር ለምንጠቀም ጊት ያስፈልገናል ወይ? ፍሬምሜከሩስ? ላልሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ሌላ ሰው መልሱን ሲያነብ ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ልድገመው። ሶስት ቴክኒካል ራይተሮች ናችሁ፣ ለውጭ ደንበኛ የጄኔሬተር መቆጣጠሪያ ማኑዋል ትሰራላችሁ፣ የኦፕሬተሩ መመሪያ አማርኛም አለው። አዲሱ ስራ ማድካፕ ፍሌር በሚባለው የማኑዋል መስሪያ ፕሮግራም ላይ ነው፣ 11 የድሮ ማኑዋሎች ደግሞ ፍሬምሜከር በሚባለው ሌላ ፕሮግራም ላይ አሉ፣ በዓመት አንዴ ሁለቴ ይነካካሉ። ሁሉም ነገር የቢሮው ሼርድ ድራይቭ ላይ ነው፣ ባለፈው ሳምንት የስራ ባልደረባሽ የራሱን ፎልደር ገልብጦ ሲለጥፍ ያንቺን የአራት ቀን ስራ ደረበበት። ደንበኛው ጊት (የፋይሎችን ለውጥ ከነታሪኩ የሚይዝ ፕሮግራም) ተጠቀሙ ይላል፣ አለቃሽ ጊት የፕሮግራመሮች ነው እኛን ምን አገናኘን ይላል፣ አንቺ ደግሞ ማናቸው ናቸው ልክ ብለሽ ጠየቅሽ።

ከሁሉ በፊት ግን የጠፋው የአራት ቀን ስራ፣ እሱን ዛሬውኑ ሞክሪው። ድራይቩ የዊንዶውስ ሰርቨር ከሆነ ፎልደሩ ላይ ራይት ክሊክ አድርገሽ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ፕሪቪየስ ቨርዥንስ የሚለውን ታብ እዪው። የአይቲ ልጆቹ ሻዶ ኮፒ አብርተውት ከሆነ ያለፈው ሳምንት ፎልደር እዛ ተቀምጦ ልታገኚው ትችያለሽ፣ ግን ቦታ ሲሞላ አሮጌዎቹ እየተሰረዙ ስለሚሄዱ ነገ ዛሬ አትበይ። ስታገኚው ደሞ ሪስቶር የሚለውን አትጫኚ፣ የዛሬውን ስራ ይደርብብሻል። ኮፒ ብለሽ ሌላ ቦታ አስቀምጪውና ቀስ ብለሽ አመሳክሪው።

አሁን ወደ ዋናው። ደንበኛው ልክ ነው፣ አለቃሽም ግማሽ ልክ ነው። ሊኑስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 የሰራው ለሊኑክስ ከርነል ኮድ ነው፣ ኮድ ደግሞ ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ ጊት በነገር ሁሉ መስመር በመስመር ነው የሚያስበው። አንድን ፋይል እኔ ከላይ አንቺ ከታች ብንነካው ሁለቱን ራሱ ያዋህደዋል፣ አንድ መስመር ወይ ጎን ለጎን ያሉ መስመሮች ላይ ከተጋጨን ብቻ ነው እናንተው ፍቱት ብሎ የሚያቆመን። ፋይሉ ጽሑፍ ካልሆነ ግን ይሄ ሁሉ ጥበቡ ከንቱ ነው፣ ሁለት ሰው የነካካውን ፎቶ ወይ የፍሬምሜከር ፋይል ማዋሃድ አይችልም፣ አንዱን ምረጡ ይልሻል፣ ያልተመረጠው ሰውዬ ስራውን እንደገና ይሰራል። ስለዚህ ጊት ይሻላል አይሻልም ከማለት በፊት ፋይሎቻችሁን ለሁለት ክፈሏቸው፦ የሚዋሃዱ እና የሚቆለፉ። ለሚዋሃዱት እንደልባችሁ አብራችሁ ስሩ፣ ለሚቆለፉት ባንዴ አንድ ሰው ብቻ። የዚህ ሙያ የቨርዥን ኮንትሮል (የፋይል ለውጦችን ታሪክ የመያዝ) ጣጣ በሙሉ ሁለቱን ካለመለየት ነው የሚመጣው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ፍሌር ደስ የሚለው ሁሉ ነገሩ ማለት ይቻላል የሚዋሃድ መሆኑ ነው። ቶፒኮቹ፣ ማለት ማኑዋሉ የተከፋፈለባቸው ገጾች፣ ኤክስኤችቲኤምኤል ናቸው፣ ኖትፓድ ላይ ከፍተሽ ማንበብ ትችያለሽ። ቲኦሲው (ማውጫው)፣ ታርጌቶቹ (የሚወጣው ፒዲኤፍና መሰሉ)፣ ስኒፔቶቹ (የሚደጋገሙት ቁርጥራጮች)፣ ቫሪያብሎቹ (እንደ ሞዴል ስም ያሉ የሚቀያየሩ ቃላት)፣ ኮንዲሽኖቹ (የቱ ጽሑፍ ለየትኛው ማኑዋል እንደሚወጣ የሚወስኑት)፣ ግሎሰሪው ሁሉ ኤክስኤምኤል ነው፣ ያው ጽሑፍ ማለት ነው። ምስሎቹ ብቻ ናቸው ባይነሪ (ጽሑፍ ያልሆነ ፋይል)፣ እነሱን ደግሞ ሁለት ሰው ባንዴ የሚነካበት ጊዜ እምብዛም ነው። ማድካፕም ይሄን አስቦ ጊትን እና መሰሎቹን ሰብቨርዥንን፣ ፐርፎርስን ፍሌር ውስጥ አስገብቷቸዋል፣ ፕሮጀክቱን አንዴ ካሰርሽው ሶርስ ኮንትሮል የሚል ሪበን ይመጣልሻል፣ ኮሚትም (ለውጥሽን መመዝገብ) ፑልም (የሌሎቹን ለውጥ ማምጣት) ፑሽም (ያንቺን ወደ ጋራው መላክ) ከዛው ነው። ጥቁር ስክሪን ላይ ትዕዛዝ መጻፍ ግዴታ አይደለም፣ ለአለቃሽ ይሄን ንገሪው፣ ግማሹ ፍርሃቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

አንድ ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ካልተስተካከለ በኋላ ያስለቅሳል፣ እሱም ጊት ውስጥ የማይገባው ነገር ነው። ፍሌር አውትፑት የሚባለውን ፎልደር በየቢልዱ፣ ማለት ማኑዋሉን ፒዲኤፍ ምናምን አድርጎ ባወጣ ቁጥር፣ እንደ አዲስ ነው የሚሰራው፣ እሱ ከገባ በየቀኑ ብዙ መቶ ፋይል ተለወጠ እያለ የራስሽን ለውጥ ይሸፍንብሻል። አናላይዘር የሚለው ፎልደር ፍሌር ለራሱ የሚይዘው ማስታወሻ ነው፣ ፕሮጀክት ውስጥ ያለው ዩዘርስ ፎልደር ደግሞ የያንዳንዳችሁ የግል ሴቲንግ ነው፣ የሰው ሴቲንግ ምን ያደርግልሻል። ሶስቱም ጊት ኢግኖር ፋይል ውስጥ ይግቡ። በተቃራኒው ሰው የሚረሳው አለ፣ በማድካፕ ካፕቸር ምስል የምትሰሩ ከሆነ ከምስሉ አጠገብ ፕሮፕስ የሚል ቅጥያ ያላት ትንሽ ፋይል ያስቀምጣል፣ ምስሉ ላይ የጨመራችሁት ቀስትና ቁጥር በኋላ እንዲስተካከል የሚያደርገው እሷ ናትና እሷ ጊት ውስጥ መግባት አለባት። እሷ ከቀረች ምስሉ ይኖራል ግን ቀስቷን ማንቀሳቀስ አትችይም፣ እንደገና መስራት ነው።

ኮንፍሊክት (ጊት ማዋሃድ አቅቶት የሚያቆመው ግጭት) የሚመጣው ቶፒክ ላይ ይመስልሻል አይደል? ቶፒክ ላይ ብዙም አይመጣም፣ ስራ ስትከፋፈሉ አንቺ ኢንስታሌሽን እሱ ሜንተናንስ ይዛችሁ ስለምትሄዱ አትገናኙም። የምትገናኙት የሁላችሁም በሆኑት ፋይሎች ላይ ነው፣ ቲኦሲው፣ ቫሪያብሉ፣ ስታይልሺቱ (የጽሑፉን መልክ የሚወስነው)፣ ኮንዲሽኑ። የራሴን ላውራሽ። ድሮ በነበርኩበት ድርጅት አንድ ልጅ እና እኔ በአንድ ቀን ቲኦሲው ላይ እዛው ምዕራፍ ስር አዲስ ረድፍ ጨመርን፣ እሱ ቀድሞ ፑሽ አደረገ፣ እኔ ማታ ልወጣ ስል ፑል ሳደርግ ኮንፍሊክት አለ። ሰርቪስ ሊያመልጠኝ ነው፣ ምን እንደሚል እንኳ ሳላነብ ጨርሻለሁ ብዬ ኮሚት አድርጌ ፑሽ አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት አራት ሰው ቲኦሲው አልከፈት አለው። ለካ ጊት ሲጋጭበት ፋይሉ ውስጥ ምልክት ይጥላል፣ ሰባት የያንሳል ምልክት ተደርድሮ፣ ከስሩ የኔ መስመር፣ ከዛ ሰባት የእኩል ይሆናል ምልክት፣ ከዛ የሱ መስመር፣ መጨረሻ ላይ ሰባት የይበልጣል ምልክት። ኤክስኤምኤል ደግሞ ያንሳል ምልክት ባየ ቁጥር አዲስ ኤለመንት ተከፈተ ብሎ ስለሚያምን ፋይሉ በሙሉ ትርጉም አጣ። መፍትሄው የአንድ ደቂቃ ስራ ነበር እኮ! ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ከፍቶ የሁለታችንንም ረድፍ ትቶ ሶስቱን የምልክት መስመሮች ማጥፋት፣ በቃ። ግን እስክንደርስበት ግማሽ ቀን ሄደ፣ እኔም ለአንድ ወር ያህል ሰባት የሚል ቅጽል ስም ወጣልኝ።

ከዛ በኋላ ቲኦሲውና ስታይልሺቱ ባለቤት ተደረገላቸው። ሌላው ሰው ረድፍ ከፈለገ ለባለቤቱ ይነግራል፣ ወይ ራሱ ጨምሮ ወዲያው፣ ምሳ እንኳ ሳይበላ፣ ፑሽ ያደርጋል። ለሶስት ሰው ይሄ ከበቂ በላይ ነው፣ ትልልቅ ቲሞች የሚያወሩትን የብራንች (ስራውን ነጥሎ በተለየ መስመር የማስኬድ) ስልት ምናምን አሁን አትስሚው።

ሌላው ሁሉንም የሚነካ ነገር ስም መቀየር ነው። ፍሌር ውስጥ የአንድ ቶፒክ ፋይል ስም ስትቀይሪ ወደ እሱ የሚጠቁሙትን ሊንኮች በሙሉ ተከትሎ ያስተካክላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ስም ቀይረሽ 60 ፋይል ሊለወጥ ይችላል፣ ያ ሁሉ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች እየሰሩባቸው ያሉ ፋይሎች ናቸው። ስም መቀየርና ፎልደር ማዘዋወር ያለ ሌላ ስራ ለብቻው አንድ ኮሚት ይሁን፣ ከመጀመርሽ በፊት ሁሉም ያለውን ፑሽ ያድርግ፣ ስትጨርሺ ሁሉም ፑል ያድርግ። እና በጭራሽ ከዊንዶውስ ኤክስፕሎረር ላይ ስም አትቀይሪ፣ ፍሌር ስለማያውቅ ሊንኮቹን አያስተካክልም። ብራንች ስትቀይሪም ሆነ ከውጪ ፑል ስታደርጊ ፍሌርን ዝጊው፣ ኤዲተሩ ላይ ክፍት የነበረውን የድሮ ቶፒክ ሴቭ ስትይው አዲሱን ይደርበዋል፣ ከዛ ጊት ስራዬን በላብኝ ይባላል፣ የበላሽው ግን አንቺ ነሽ።

ስለ አማርኛው ነጠል አርጌ ልናገር ምክንያቱም የፈረንጅ መመሪያ ላይ አታገኚውም። በመጀመሪያ የፋይል ስም በአማርኛ ካወጣችሁ ጊት ስታተሱ ላይ በስሙ ፈንታ 341 210 260 የሚሉ ቁጥሮች በኋሊት ስላሽ ተደርድረው ታያላችሁ፣ ቫይረስ አይደለም አትደንግጡ። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንዱ ሶስት ባይት ነው፣ ጊት ደግሞ ከእንግሊዝኛ ውጪ ያለውን ባይት በኦክታል ነው የሚጽፈው፣ የጻፍኩልሽ ሶስቱ ቁጥር "ሰ" ናት። ኮር ኩዎትፓዝ የሚለውን ሴቲንግ ፎልስ ስታደርጊው ፊደሉ ይመጣል። እኔ ግን ለፋይል ስም እንግሊዝኛ ይሁን ነው የምለው፣ ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ እያልን ፋይል ስንፈልግ መዋላችን ነው። ሁለተኛ ፍሌር ብዙ ጊዜ አንድን አንቀጽ አንድ ረጅም መስመር አድርጎ ስለሚያስቀምጥ አንዲት ቃል ስትቀይሪ ዲፉ (የድሮውንና የአዲሱን ልዩነት የሚያሳየው) አንቀጹን በሙሉ ቀይና አረንጓዴ ያደርገዋል፣ ምን እንደተለወጠ በዓይን መፈለግ ነው። ወርድ ዲፍ የሚለውን አማራጭ ተጠቀሚ፣ ያኔ "ሞተሩን ካጠፉ በኋላ 30 ሰከንድ ይጠብቁ" የሚለው ውስጥ 30 ብቻ ቀይ 60 ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይመጣል። እሱ ቃል የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ ቃላቱን በሁለት ነጥብ የሚለያይ የድሮ ጽሑፍ ላይ አይሰራም፣ አንቀጹን በሙሉ እንደ አንድ ቃል ነው የሚያየው። ሶስተኛ፣ የድሮዎቹ የአማርኛ ጽሑፎች ዩኒኮድ ባልሆነ የግዕዝ ፎንት ከተጻፉ ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፣ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ጊት ያስቀምጠዋል ግን ዲፉ ላይ ማንም የማያነበው ነገር ነው የሚታየው። እሱን መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩትና ነው ማስገባት፣ ቅያሬውም ለብቻው አንድ ኮሚት ይሁን።

ወደ ፍሬምሜከር እንምጣ፣ አለቃሽ ልክ የሆነው እዚ ጋ ነው። ኤፍኤም የሚል ቅጥያ ያለው ፋይል ባይነሪ ነው፣ ማዋሃድ የሚባል ነገር የለም። ጊት ላይ እንዲሁ ከጣላችሁት ሁለት ነገር ይሆናል። አንዱ ያልኩሽ ነው፣ ሁለት ሰው ከነካው አንዱ ይከስራል። ሁለተኛው ክብደቱ፣ ጊት የፋይሉን ታሪክ በሙሉ በያንዳንዳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፣ ባይነሪ ደግሞ ለመጭመቅ እሺ አይልም፣ ምስል የታጨቀበት 40 ሜጋ ፋይል 50 ጊዜ ሴቭ ተደርጎ ኮሚት ቢደረግ ወደ 2 ጊጋ ሊጠጋ ይችላል። አጥፍቼዋለሁ ብትይም አይቀንስም፣ ታሪኩ ውስጥ አለ፣ ለዚህ ነው ታሪክ የሚባለው። ጊትሀብ ደግሞ ከ100 ሜጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል ከነጭራሹ አይቀበልም።

ኤምአይኤፍ አድርገን በጽሑፍ ብናስቀምጠውስ የሚል ሰው አይጠፋም፣ ፍሬምሜከር ራሱ ያንን ፎርማት ስለሚያወጣ። ሞክሬዋለሁ፣ በወረቀት ላይ ያምራል። ፋይሉ ውስጥ ለያንዳንዱ ነገር ዩኒክ የሚል መለያ ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ሲቀያየር አንድ ቃል ነክተሽ ዲፉ ላይ የመስመር ጎርፍ ነው የምታዪው፣ መርጅ ያደረግሽውም (ያዋሃድሽውም) ፋይል ተመልሶ ሲከፈት ልብሽ አያርፍም። ለምርመራ ጥሩ ነው፣ ለመርጅ እኔ አላምነውም። ሁለት የፍሬምሜከር ፋይል ማነጻጸር ከፈለግሽ እዛው ፍሬምሜከር ውስጥ ኮምፔር ዶክዩመንትስ አለልሽ፣ እሱ ይሻላል።

ስለዚህ መቆለፍ ነው። መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ሰብቨርዥን፣ አዎ አርጅቷል ይላሉ፣ ይበሉ፣ ለዚህ ስራ ግን አሁንም የሚያኮራ ነው። ኒድስ ሎክ የሚል ፕሮፐርቲ አለው፣ ፋይሉ ላይ ስታደርጊው ሎክ እስክትወስጂ ድረስ ሪድ ኦንሊ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሌላው ሰው ሎክ ልውሰድ ሲል እከሌ ይዞታል ይለዋል። ቶርቶይዝ ኤስቪኤን በሚባለው የሰብቨርዥን ፕሮግራም ራይት ክሊክ አድርጎ ጌት ሎክ ማለት ነው፣ የአስር ደቂቃ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ጊት ኤልኤፍኤስ ነው፣ ትልልቁን ፋይል ከሪፖው (ጊት ፋይሎቹንና ታሪካቸውን ከሚይዝበት ማከማቻ) አውጥቶ ሰርቨር ላይ ያስቀምጥና ጊት ውስጥ አድራሻውን ብቻ የያዘች ትንሽ ጽሑፍ ይተዋል፣ ሎከብል የሚለውን ስትጨምሪበት እሱም እስክትቆልፊው ድረስ ሪድ ኦንሊ ያደርገዋል። ደንበኛው ሁሉም ነገር ጊት ላይ ይሁን ካለ ኤልኤፍኤስ፣ ግድ ከሌለው ግን በዓመት ሁለቴ ለሚነኩ 11 ማኑዋሎች እኔ ብሆን ሰብቨርዥን ላይ አድርጌ እረሳቸዋለሁ። ሁሉንም ወደ ፍሌር እንለውጣቸው የሚል ሃሳብ እንዳይመጣ ደሞ ተጠንቀቂ፣ ሰንጠረዥና ክሮስ ሪፈረንስ ማስተካከል ወራት ይበላል፣ በዓመት አንድ ስልክ ቁጥር ለሚቀየርበት ማኑዋል ያ ሁሉ ስራ ምን ሲደረግ። በየትኛውም መንገድ ፍሬምሜከር የሚያፈሳቸውን ኮተቶች፣ ኤልሲኬ የሚሉትን፣ ባካፕና ኦቶ እያለ የሚያስቀምጣቸውን ቅጂዎች፣ አታስገቡ።

አሁን ደሞ ሁሉም ሰው የሚሳሳትበት ነገር። መቆጣጠሪያው ሶስት ሞዴል አለው ብለሻል፣ እና ለያንዳንዱ ሞዴል ብራንች እንክፈት ወይ ብለሻል። አይሆንም፣ ተይው! ብራንች ለጊዜ ነው፣ ኮንዲሽን ለዓይነት ነው። ሶስት ሞዴል ባንድ ጊዜ የሚኖሩ ሶስት ዓይነቶች ናቸው፣ ጽሑፋቸው አብዛኛው አንድ ነው፣ ብራንች ብትከፍቺላቸው አንድ የማስጠንቀቂያ አረፍተ ነገር ስታርሚ ሶስት ቦታ ማረም አለብሽ፣ አንዱን ትረሺዋለሽ፣ ሰው ሁሌ ይረሳል። እሱን ፍሌር በኮንዲሽን ታግ አሳምሮ ይሰራልሻል፣ አንድ ምንጭ ሶስት ታርጌት። ብራንች የሚያስፈልግሽ ፈርምዌር (መቆጣጠሪያው ውስጥ ያለው ሶፍትዌር) 3 ለገበያ ወጥቶ እናንተ የ4ን እየጻፋችሁ ሳለ የ3 ማኑዋል ላይ ስህተት ሲገኝ ነው፣ ያኔ ከ3 ታግ ላይ ብራንች ከፍተሽ ታርሚያለሽ፣ እርማቱ ለ4ም የሚሆን ከሆነ በቸሪ ፒክ (ያንን ኮሚት ብቻ መርጦ በመገልበጥ) ታመጪዋለሽ። ስማቸው ተመሳሳይ ሆኖ እንዳያምታታሽ፣ የፍሌር ኮንዲሽን ታግ እና የጊት ታግ ምንም ዝምድና የላቸውም፣ የጊቱ ታግ አንድን ኮሚት ስም ሰጥቶ መቸከል ነው።

ታጉን አደራ። ለደንበኛ ፒዲኤፍ በወጣ ቁጥር፣ ሁሌ፣ ታግ። ሌላ ቦታ ስሰራ አንድ ቴክኒሻን ደውሎ የታተመው መመሪያ ላይ 30 ሰከንድ ጠብቅ ይላል፣ መሳሪያው ላይ የተለጠፈው 60 ይላል፣ የቱ ነው ትክክሉ አለን። መልሱ 60 እንደሆነ እናውቃለን፣ የማናውቀው 30 የሚለው ማኑዋል መቼ ወጥቶ ለስንት ሰው እንደተላከ ነው። ሼርድ ድራይቩ ላይ ፋይናል የሚል አለ፣ ፋይናል 2 አለ፣ ፋይናል የታረመ አለ፣ ፋይናል እውነተኛው የሚልም ነበር ስቄ ሞትኩ፣ ቀናቸው ደግሞ ሰው ኮፒ ባደረገ ቁጥር ተቀያይሯል። ሁለት ቀን ሙሉ ፒዲኤፍ እየከፈትን 30 ፍለጋ ዋልን። ታግ ቢኖር ኖሮ መስመሩ ላይ ብሌም ብሎ ማን መቼ ለምን 30 እንዳለው፣ መቼ ወደ 60 እንደተቀየረና በየትኞቹ ታጎች ውስጥ እንደወጣ ማየት ነበር፣ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ለምን የሚለው የሚገኘው ግን ኮሚት ሜሴጁ ላይ በአግባቡ ከተጻፈ ነው፣ "አፕዴት" እያላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አታገኙም። "የካፓሲተር መፍሰሻ ጊዜ 30 የነበረው 60 ሆነ፣ ከኢንጂነሪንግ በመጣው እርማት መሰረት" ብለሽ ጻፊው፣ በአማርኛም ይሁን ግድ የለም።

ይሄው ታግ ለትርጉሙም ያገለግላችኋል። በእንግሊዝኛው የ3 እና የ4 ታጎች መካከል የተለወጡትን ፋይሎች ስም ብቻ ዘርዝር ብለሽ ጊት ዲፍን ብታዢው ወደ አማርኛ መተርጎም ያለበት የቱ እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይወጣል፣ ተርጓሚው 240 ቶፒክ ከማገላበጥ 19ኙን ይወስዳል። ኢንጂነሮቹ ግን ማኑዋሉን ጊት ላይ ገብተው ሪቪው ያደርጋሉ ብለሽ ተስፋ አታድርጊ፣ ኮዳቸውን በጊት እየሰሩ እንኳ የኛን ጽሑፍ በፒዲኤፍ ነው የሚፈልጉት፣ ላኪላቸው በቃ።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ ላልሽው፣ ይሄ እንዲያውም የጊት ትልቁ ውለታ ነው። ኮሚት፣ ዲፍ፣ ታሪክ ማየት፣ ብራንች መቀየር ሁሉ ያለ ኔትወርክ ይሰራል፣ ኔት ሲመጣ ፑሽ ነው። ሎክ ግን ሰርቨር ይፈልጋል፣ ሰብቨርዥንም ኤልኤፍኤስም፣ እሱን እወቂው። ጊትሀብ ላይ ፕራይቬት ሪፖ ከ2020 ጀምሮ ለፈለጋችሁት ሰው ብዛት ነጻ ነው፣ ዶላር ፍለጋ አያስኬዳችሁም። ደንበኛው ውጪ አይቀመጥብኝ ካለ ቢሮ ውስጥ ካለ ኮምፒውተር ላይ ቤር ሪፖ (ማንም በቀጥታ የማይሰራበት፣ ፑሽና ፑል ብቻ የሚደረግበት) ፈጥራችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፣ ያ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ይኑረው፣ ባካፑም ሌላ ቦታ ይሁን። የምትሰሩበትን የጊት ፎልደር ግን ዋንድራይቭ ወይ ድሮፕቦክስ ውስጥ አታድርጉት፣ ሁለቱ ፋይሎቹን እየተሻሙ ሪፖውን ያበላሹታል፣ ሼርድ ድራይቭ ላይ አንድ ፎልደር ለሶስት ሰው ማድረግም ያው ነው። ለያንዳንዳችሁ በራሳችሁ ዲስክ ላይ የራሳችሁ ክሎን (የሪፖው ሙሉ ቅጂ)።

ድራይቩ ላይ ያሉትን ፋይናሎች በሙሉ ጊት ላይ አትዝሩ። በየትኛው ቀን ለደንበኛ እንደተላኩ በኢሜይል የምታረጋግጧቸው ሶስት አራት ቅጂዎች ካሉ ከአሮጌው ጀምራችሁ አንድ በአንድ ከነእውነተኛ ቀናቸው ኮሚት አድርጓቸውና ታግ ስጧቸው፣ ያለፈው ታሪክም በመጠኑ ይኖራችኋል። የቀረውን ዚፕ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ ማንም አይከፍተውም፣ ግን አለቃችሁን ያጽናናዋል።

መሻገሪያውን ሰኞ ጠዋት አድርጉት፣ ዓርብ ከሰዓት እንዳይሆን። ሶስታችሁም ፍሌርን ዝጉ፣ አንዳችሁ የመጨረሻውን ቅጂ ሪፖ ላይ ያስገባ፣ ሁለቱ ክሎን አድርገው ታርጌቱን ቢልድ አድርገው ከድሮው ፒዲኤፍ ጋር ያስተያዩ። ልክ ከሆነ እዛው ሳትነሱ የሼርድ ድራይቩን ፎልደር ሪድ ኦንሊ አስደርጉት። ይሄን ነገር ነገ እናደርገዋለን ካላችሁ ያ ፎልደር ገልባጩ ባልደረባሽ ማክሰኞ ጠዋት ከልማዱ ድራይቩ ላይ ከፍቶ ሲሰራ ታገኚዋለሽ። የተጋጨ ቲኦሲ ካጋጠመሽ የምልክቶቹን መስመር ኮፒ አድርገሽ እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።